የፕሮስቴት ዕጢ መቆጣት፦ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት የሚያድነውና የማያድነው

ከፕሮስቴት ዕጢ ጋር በተያያዘ በአብዛኛው ሰው ዘንድ የሚታወቁት ሕመሞች ሁለት ናቸው። አንዱ ከዕድሜ መግፋት ጋር የሚመጣው የዕጢው ማደግ ሲሆን ሌላው ካንሰር ነው። ሦስተኛው፣ ማለትም የዕጢው መቆጣት፣ ስሙ እምብዛም አይነሳም። ይሁን እንጂ ሁለቱ በአመዛኙ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑትን ሲያጠቁ ይህኛው በሥራ ላይ የሚገኘውን ጎልማሳ፣ በ30ዎቹና በ40ዎቹ የዕድሜ ክልል ያለውን ጭምር ይይዛል። በተለያዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች ከወንዶች መካከል ከ2 እስከ 10 በመቶ በሚሆኑት ላይ የሕመሙ ምልክቶች እንደሚታዩ ያመለክታሉ።

ችግሩን የሚያከብደው ግን ብዛቱ ብቻ አይደለም። ሽንት ሲወጣ ማቃጠል፣ ሌሊት በተደጋጋሚ መነሳት፣ በብልትና በፊንጢጣ መካከል የሚሰማ የመክበድና የመውጋት ስሜት፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወቅት የሚያጋጥም ሕመም ለትዳር ጓደኛ እንኳ በቀላሉ የሚነገሩ ጉዳዮች አይደሉም። በዚህም የተነሳ ታማሚው ነገሩን «ብርድ ነው»፣ «ሽንት ማጥ ነው» እያለ ያሳልፈዋል። ሲብስበት በሥራ ባልደረባው ምክር በአቅራቢያው ካለው መድኃኒት ቤት አሥር ፍሬ ሲፕሮፍሎክሳሲን ገዝቶ ይመለሳል። ለአምስት ቀን ኪኒኑን ይውጣል፤ ይሻለዋል፤ ይተወዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሕመሙ ሲመለስ ያንኑ መድኃኒት ይደግማል።

በዚህ አካሄድ ውስጥ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ሁለት ስህተቶች ተደብቀዋል። ታማሚው በዕጢው ውስጥ በእርግጥ ባክቴሪያ ካለበት አምስት ቀን ፈጽሞ አይበቃውም። ባክቴሪያ ከሌለበት ደግሞ አንዱም ፍሬ አያስፈልገውም ነበር። የትኛው እንደሆነ ሳይለይ የሚሰጥ ሕክምና ታማሚውንም፣ መድኃኒቱንም ይጎዳል።

የፕሮስቴት ዕጢ በጤነኛ ወጣት ወንድ ላይ የትንሽ ሎሚ መጠን ያለው፣ ክብደቱም ወደ 20 ግራም ገደማ የሚደርስ አካል ነው። ከሽንት ፊኛ ሥር፣ ከፊንጢጣ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሽንት ቧንቧውን እንደ ቀለበት ይከበዋል። ከዘር ፈሳሽ ውስጥ የተወሰነውን ክፍል የሚያመነጨውም እርሱ ነው። ባክቴሪያ ወደ ዕጢው የሚገባው በአብዛኛው በሽንት ቧንቧ በኩል ሲሆን፣ በበሽታ የተበከለ ሽንት በቀጫጭኖቹ የዕጢው ቱቦዎች አማካይነት ወደ ኋላ ሲመለስ ነው። በካቴተር የሚጠቀሙና በፊንጢጣ በኩል የፕሮስቴት ናሙና የተወሰደላቸው ወንዶች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

በሽታውን በተመለከተ ለረጅም ዘመን የነበረው ውዥንብር የተስተካከለው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት እ.ኤ.አ. በ1995 ባካሄዱት የባለሙያዎች ስብሰባ ላይ በቀረበውና በ1999 በታተመው አመዳደብ ነው። በዚሁ መሠረት በሽታው በአራት ይከፈላል። የመጀመሪያው በባክቴሪያ የሚመጣ ድንገተኛ መቆጣት ነው። ሁለተኛው በባክቴሪያ የሚመጣና ሥር የሰደደ ነው። ሦስተኛው ባክቴሪያ የማይገኝበት፣ ነገር ግን ከሦስት ወር በላይ የዘለቀ የዳሌ አካባቢ ሕመም ነው። አራተኛው ምንም ስሜት የማይሰጥና ለሌላ ጉዳይ በሚደረግ ምርመራ በአጋጣሚ የሚታይ ነው። ምልክት ካለባቸው ታማሚዎች መካከል ከ10ሩ ወደ 9 የሚሆኑት የሚመደቡት በሦስተኛው ክፍል ነው። የአንባቢን ትኩረት የሚሻው ዋናው ቁጥር ይኸው ነው፤ ምክንያቱም በተግባር ሁሉም ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ሲሰጣቸው ኖረዋል።

ድንገተኛው ዓይነት ለመለየት አስቸጋሪ አይደለም። ከፍተኛ ትኩሳት፣ ማንቀጥቀጥ፣ የወገብና የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ሽንት ሲወጣ ማቃጠል፣ አንዳንዴም ሽንት ጨርሶ መቋጠር አብረው ይመጣሉ። በአብዛኛው መንስኤው ኢ-ኮላይ የተባለው በአንጀት ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ ሲሆን ክሌብሲየላ፣ ፕሮቲየስ፣ ሱዶሞናስና ኢንትሮኮከስም ይገኙበታል። በወጣቶች ዘንድ የጨብጥና የክላሚዲያ ተሕዋስያንም መታሰብ ይኖርባቸዋል። ይህ ዓይነቱ ሕመም ለነገ የሚባል አይደለም፤ ባክቴሪያው ወደ ደም ከገባ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላልና። የሽንትና እንደ ሁኔታው የደም ናሙና ለካልቸር ምርመራ ከተወሰደ በኋላ ውጤቱ ሳይጠበቅ ሕክምናው ወዲያውኑ ይጀመራል። ጠንከር ላለው ሕመም እንደ ሴፍትሪያክሶን ያለ መርፌ ወይም አምፒሲሊን ከጄንታማይሲን ጋር በደም ሥር ይሰጣል። ቀለል ሲል በአፍ በሚወሰድ መድኃኒት፣ ለምሳሌ በሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም በኮትራይሞክሳዞል ይቀጥላል። የካልቸሩ ውጤት ሲደርስ መድኃኒቱ በዚያው መሠረት ይስተካከላል።

ሐኪሙ በዚህ ወቅት ዕጢውን በጣት ሲመረምር በእርጋታ ሊሆን ይገባል። ዕጢውን ማሸት ባክቴሪያውን ወደ ደም ሊገፋው ስለሚችል አይፈቀድም። ሽንት የተቋጠረበት ታማሚም ሽንቱ በካቴተር፣ አለበለዚያም ከእንብርት በታች በሚገባ ቱቦ እንዲወጣለት ይደረጋል። ትኩሳቱ ከሁለትና ሦስት ቀን ሕክምና በኋላ ካልወረደ በዕጢው ውስጥ መግል መቋጠሩን በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን ማጣራት የግድ ይሆናል። የስኳር ሕሙማንና የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ለመግል መቋጠር ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

ሕክምናው ስንት ቀን ይቆይ የሚለው ጥያቄ በቅርብ ዓመታት ጥሩ መልስ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት የሽንት መመረዝ ያለባቸውን ትኩሳት የሌላቸውን ወንዶች ለሁለት ከፍሎ ለ7 ቀንና ለ14 ቀን አከመ። የሁለቱም ውጤት ተመሳሳይ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የታተመ የፈረንሳይ ጥናት ደግሞ ትኩሳት ባላቸው ወንዶች ላይ ተካሄደ። በዚህኛው ለ7 ቀን ከታከሙት መካከል የዳኑት 55.7 በመቶ ሲሆኑ ለ14 ቀን ከታከሙት ግን 77.6 በመቶ ናቸው። ትኩሳት ባለበት ወንድ ላይ ፕሮስቴቱም አብሮ መመረዙ የተለመደ በመሆኑ ልዩነቱ የሚያስገርም አይደለም። በመሆኑም ለድንገተኛው ዓይነት ቢያንስ 14 ቀን፣ እንደ ሁኔታውም እስከ 4 ሳምንት የሚደርስ ሕክምና ይታዘዛል። ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ስለወረደ ብቻ መድኃኒቱን ማቋረጥ በሽታውን ወደ ሁለተኛው፣ ማለትም ሥር ወደ ሰደደው ዓይነት ለማሸጋገር በር ይከፍታል።

ሥር የሰደደው የባክቴሪያ ዓይነት ለሐኪሙም ፈታኝ ነው። ምክንያቱ ያለው ከመድኃኒቱ ጉዞ ላይ ነው። የዕጢውን ውስጣዊ ክፍሎች የሚሸፍነው ስስ የሕዋሳት ሽፋን በደምና በዕጢው ፈሳሽ መካከል እንደ ወንፊት ሆኖ ያገለግላል። ይህን ወንፊት በቀላሉ የሚያልፈው በስብ የሚሟሟ፣ ከደም ፕሮቲን ጋር ብዙ ያልተጣበቀና የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው የመድኃኒት ሞለኪውል ነው። ፔኒሲሊን፣ አሞክሳሲሊንና አብዛኞቹ የሴፋሎስፖሪን ዝርያዎች ይህን መስፈርት አያሟሉም። በድንገተኛው ሕመም ወቅት ወንፊቱ በብግነቱ ስለሚሳሳ ይገባሉ፤ ሥር በሰደደው ግን ከደጅ ይመለሳሉ። ናይትሮፉራንቶይን የሚባለውም መድኃኒት የፊኛን መመረዝ በሚገባ ሲያክም በፕሮስቴት ውስጥ ግን በቂ መጠን አይደርስም። ታማሚው «መድኃኒት ወስጄ አልዳንኩም» ሲል የሚወሰደው መድኃኒት የት እንደቀረ መጠየቅ ተገቢ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የአሲድነት ጉዳይም አለ። ጤነኛ የዕጢ ፈሳሽ በመጠኑ አሲዳዊ ሲሆን ለረጅም ጊዜ ሲመረዝ ወደ አልካላይነት ይለወጣል። ትራይሜቶፕሪም የተባለው መድኃኒት በጤነኛ ውሾች ላይ ሲሞከር በዕጢው ፈሳሽ ውስጥ ከደም በበለጠ ተከማችቶ በመገኘቱ ታላቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። የታመመው ወንድ ዕጢ ግን አልካላይ በመሆኑ ያ ክምችት እንደተጠበቀው አልተገኘም። በውሻ ላይ የሠራ በሰው ላይ ያልሠራበት ምክንያት ይህን ያህል ቀላል መሆኑ የሕክምና ምርምርን ጠባይ ያሳያል። ፍሎሮኪኖሎን በሚል የወል ስም የሚታወቁት ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሌቮፍሎክሳሲን አሲዳዊም አልካላይም ጠባይ ስላላቸው በሁለቱም ሁኔታ ወደ ዕጢው ይዘልቃሉ። በሕክምና መመሪያዎች ውስጥ ቀዳሚውን ስፍራ የያዙትም ከዚህ የተነሳ ነው።

በዚህ መሠረት ሲፕሮፍሎክሳሲን 500 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ወይም ሌቮፍሎክሳሲን 500 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይታዘዛል። ባክቴሪያው እነዚህን የተላመደ ከሆነና ለኮትራይሞክሳዞል የሚሸነፍ ከሆነ ይኸው መድኃኒት ረዘም ላለ ጊዜ፣ አንዳንዴም እስከ 3 ወር ሊሰጥ ይችላል። መንስኤው ክላሚዲያ ሲሆን ዶክሲሳይክሊን ወይም አዚትሮማይሲን ይመረጣል። የትዳር ጓደኛም አብራ መታከም ይኖርባታል። ብዙ መድኃኒቶችን ለተላመዱ ባክቴሪያዎች በቅርብ ዓመታት ፎስፎማይሲን የተባለው ጥቅም ላይ መዋል ጀምሯል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ሁሉም አይድንም። ከ10 ታማሚዎች ከ6 እስከ 8 የሚሆኑት በፍሎሮኪኖሎን ሲፈወሱ በቀሪዎቹ ላይ በሽታው ያገረሻል፤ ባክቴሪያው በዕጢው ውስጥ ባሉ ትናንሽ ጠጠሮች ላይ ተጣብቆ መድኃኒቱን ይሸሻልና።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓይነት መካከል ያለውን ልዩነት ታማሚው በሚናገረው ስሜት ብቻ መለየት አይቻልም። ሁለቱም ያቃጥላሉ፤ ሁለቱም ይወጋሉ። የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። ኤድዊን ሜርስና ቶማስ ስቴሚ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1968 ያስተዋወቁት ዘዴ አራት ናሙና ይወስዳል። እነዚህም መጀመሪያ የወጣው ሽንት፣ መካከለኛው ሽንት፣ ዕጢው በጣት ታሽቶ የሚወጣው ፈሳሽና ከዚያ በኋላ የሚሸናው ሽንት ናቸው። በኋለኞቹ ሁለት ናሙናዎች ውስጥ የሚገኘው ባክቴሪያ በቁጥር ከፊተኞቹ 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ መኖሪያው ፕሮስቴቱ መሆኑ ይረጋገጣል። ዘዴው አድካሚ በመሆኑ በዓለም ዙሪያ ጥቂት ሐኪሞች ብቻ ይሠሩበታል። ካናዳዊው ሐኪም ከርቲስ ኒክል በ1990ዎቹ ያቀረበው ከመታሸቱ በፊትና በኋላ የሚወሰድ ሁለት የሽንት ናሙና በአብዛኛው ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል። የካልቸር ምርመራ በሚሠራበት ማንኛውም ሆስፒታል ውስጥ ሁለት ንጹሕ ብልቃጥና አንድ ጓንት ብቻ የሚጠይቅ በመሆኑ በአገራችንም ከአቅም በላይ የሚባል አይደለም።

ወደ ሦስተኛው ዓይነት ስንመጣ የፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ታሪክ ሌላ መልክ ይይዛል። በሰሜን አሜሪካ በሚገኙ 10 የሕክምና ማዕከላት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነው ጥናት 196 ወንዶችን አሳተፈ። አብዛኞቹ ሕመሙን ለዓመታት የተሸከሙ ነበሩ። ከአራት ተከፍለው አንዱ ቡድን ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሁለተኛው ታምሱሎሲን የተባለውን የሽንት መውጫ የሚያላላ መድኃኒት፣ ሦስተኛው ሁለቱንም፣ አራተኛው ደግሞ መድኃኒትነት የሌለው አስመሳይ ኪኒን ለ6 ሳምንት ወሰዱ። በመጨረሻ ሲለካ ሁሉም ቡድኖች ጥቂት ተሻሽለው ተገኙ። ሲፕሮፍሎክሳሲን የወሰዱት አስመሳዩን ከወሰዱት የተለየ ጥቅም አላገኙም። ከአንድ ዓመት በፊት በካናዳ 80 ወንዶችን ይዞ በሌቮፍሎክሳሲን ላይ የተደረገው ጥናትም ያው ውጤት ነው የታየበት።

ታዲያ ብዙዎች «ስወስደው ይሻለኛል» የሚሉት ለምንድን ነው? የዚህ ሕመም ጠባይ እየተነሳ የሚተኛ ነው። ታማሚው ወደ መድኃኒት ቤት የሚሄደው ሕመሙ በተነሳበት ቀን በመሆኑ፣ ምንም ባይወስድም በሳምንት ውስጥ ረገብ ይልለት ነበር። በተጨማሪም ፍሎሮኪኖሎኖች ባክቴሪያን ከመግደል ውጭ ብግነትን በመጠኑ የመቀነስ ጠባይ አላቸው። ይህ ግን ያለ ባክቴሪያ እነርሱን ለመውሰድ በቂ ምክንያት አይሆንም። ብግነትን የሚቀንሱ ሌሎች ርካሽ መድኃኒቶች አሉና። የአውሮፓ የሽንት አካላት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ሕመሙ ከተጀመረ ዓመት ላልሞላውና ከዚህ ቀደም ላልታከመ ሰው የአንድ ጊዜ የፀረ-ባክቴሪያ ሙከራ ይፈቅዳል። በዚያ ካልተሻለው መደጋገሙ ጥቅም የለውም። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ እንደ ታማሚው ሁኔታ የሽንት መውጫ የሚያላሉ መድኃኒቶችን፣ የሕመም ማስታገሻን፣ የዳሌ ጡንቻዎችን የሚያፍታታ የፊዚዮቴራፒ ሕክምናን፣ ጭንቀት ካለም የሥነ ልቦና ድጋፍን ያቀናጃል።

በሁሉም መድኃኒት ቤት የሚገኘው ሲፕሮፍሎክሳሲን ጉዳት የሌለው ተደርጎ መታየቱም መታረም አለበት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2008 በጅማት መቆጣትና መበጠስ ላይ ከፍተኛውን የማስጠንቀቂያ ደረጃ ሰጥቶታል። በ2016 ደግሞ ማስጠንቀቂያውን ወደ ነርቭና ጡንቻ ጉዳት በማስፋት፣ ሌላ አማራጭ ላላቸው ቀላል ሕመሞች እንዳይታዘዝ አሳስቧል። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲም በ2018 ተመሳሳይ ገደብ እንዲጣል መክሯል። ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸውና ኮርቲዞን የሚወስዱ ሰዎች ለጅማት ጉዳቱ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። በተረጋገጠ የፕሮስቴት መመረዝ ላይ አማራጮቹ ጥቂት በመሆናቸው አሁንም ይታዘዛል፤ ሆኖም ተረከዙ ላይ ሕመም የተሰማው ታማሚ ወዲያውኑ አቁሞ ሐኪሙን ማማከር ይገባዋል።

ከዕለት ተዕለት ኑሯችን ጋር የሚገናኙ ጥንቃቄዎችም አሉ። መድኃኒቱን ከወተት ወይም ከእርጎ ጋር ብቻ፣ እንዲሁም ከጨጓራ ማስታገሻና ከብረት ኪኒን ጋር አንድ ላይ መውሰድ ወደ ደም የሚገባውን መጠን በእጅጉ ይቀንሳል። ኪኒኑ ከማስታገሻው 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ ይኖርበታል። ሲፕሮፍሎክሳሲን በቡና ውስጥ ያለው ካፌን ከሰውነት ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል። በቀን ሦስት ሲኒ የለመደ ሰው በሕክምናው ሰሞን የልብ መምታትና እንቅልፍ ማጣት ቢገጥመው ከቡናው መቀነስ ይጠቅመዋል። ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ድንገት ሊወርድበት ስለሚችል ለሐኪሙ አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ኮትራይሞክሳዞል ደግሞ ለሰልፋ መድኃኒቶች አለርጂ ላለበት ሰው አይሰጥም።

ጉዳዩ ከግለሰቡ አልፎ የመንግሥትንም ትኩረት የሚሻ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ ሕይወታቸውን እንዳጡ ተገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2017 ጀምሮ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶችን በሦስት ምድብ ሲከፍል ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሌቮፍሎክሳሲንና ሴፍትሪያክሶን በልዩ ጥንቃቄ ሊታዘዙ በሚገባቸው በሁለተኛው ምድብ ውስጥ አስቀምጧቸዋል። በአገራችን በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቁጥጥሩን ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሰጥ፣ በሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥም ይጠበቃል። በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ የሚታየው ግን ሁልጊዜ ይህ አይደለም። ቁጥጥሩ ይበልጥ ፍሬያማ የሚሆነው ግን የካልቸር ምርመራ በቅርብ ሲገኝ ነው፤ ምርመራ የሌለበት ሐኪምም እንደ ታማሚው በግምት ለመሥራት ይገደዳልና።

ለኢትዮጵያ የተለየ ክብደት ያለው አንድ ነጥብ ሳንባ ነቀርሳን ይመለከታል። ሌቮፍሎክሳሲን መድኃኒት የተላመደ ሳንባ ነቀርሳን ለማከም ከሚያገለግሉት ዋና ዋና መድኃኒቶች አንዱ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ለፕሮስቴት ሕመም ለሳምንታት ሲወሰድ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ያለ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስያን መድኃኒቱን ሊላመድ፣ በሽታውም ለጊዜው ተሸፍኖ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስያን ፕሮስቴትንም ያጠቃሉ። ስለሆነም በተለመደው መድኃኒት የማይመለስ፣ የሽንት ካልቸሩ ባዶ ሆኖ ነጭ የደም ሕዋስ የበዛበት፣ ሌሊት የሚያልበውና ክብደቱ የቀነሰ ታማሚ የዚሁ ምርመራ ሊደረግለት ይገባል።

በመጨረሻ በዕድሜ ገፋ ያሉትን የሚያሳስበው የካንሰር ምርመራ ጉዳይ ነው። ፒ ኤስ ኤ በመባል የሚታወቀው በደም ውስጥ የሚለካ ፕሮቲን ዕጢው በሚቆጣበት ጊዜ ካንሰር ሳይኖርም በብዙ እጥፍ ሊጨምር ይችላል። በትኩሳቱ ሰሞን ተለክቶ ከፍ ብሎ የተገኘ ውጤት ቤተሰብን ከማስደንገጥ ያለፈ ትርጉም ላይኖረው ይችላል። ምርመራው ሕክምናው ካለቀ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ይደገማል። በዚያን ጊዜም መጠኑ ካልወረደ ታማሚው ለተጨማሪ ምርመራ ወደ ሽንት አካላት ስፔሻሊስት ሐኪም ይላካል።